የተደበቁት የሔዋን ልጆች

ስለ ፌይ የሚተርኩ የፍቅር ልቦለዶችን በስልኩ የሚያነብ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥም አይጠፋም። በእንግሊዝኛ፣ ማታ ማታ፣ ጋቢ ውስጥ ተገብቶ። ፌይ በአየርላንድና በስኮትላንድ ተረት ከሰው ጎን የሚኖሩ፣ ውብም አስፈሪም የሆኑ ስውር ፍጡራን ናቸው። ከልቦለዶቹ አንዳንዶቹ የሁለት ወንዶችን ወይም የሁለት ሴቶችን ፍቅር የሚተርኩ ናቸው። ምናቸው እንደሚስብ ለሚጠይቅ፣ የእኔ መልስ ያለው እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው።

ዛር ከየት መጣ ሲባል የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ፈርታ 15ቱን ደበቀች፤ ያውም ቆንጆ ቆንጆዎቹን። እሱም «የተደበቁት ተደብቀው ይቅሩ» አለ። ዛሮቹ የእነሱ ዘር ናቸው ይባላል። አይስላንድም ስለ ስውር ሕዝቦቿ ይህንኑ ታሪክ ታወራለች። የአይስላንዷ ሔዋን ግን የደበቀችው ገላቸውን ያልታጠቡትን ነው። አፍራባቸው።

ልቦለዶቹ የያዙት የእኛን ሔዋን ነው። ፍቅሩን ሰው እንዳያይበት የሚሸሽግ አንባቢ የተደበቀው ቆሻሻ እንደሆነ ሲነገረው ኖሯል። በልቦለዶቹ ውስጥ ግን የተደበቁት ንጉሥ አላቸው፣ አደባባይ አላቸው፣ ኩራት አላቸው። ፌይ አይዋሽም፤ ቃል ከገባ ታስሯል። ማንን ወደድክ ብሎ የሚከስ የለም፤ የሚያስከስሰው ቃል ማፍረስ ነው። የአገራችን የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን እንደሚከለክል ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚል አይጠፋም። ፌይ ብረት ይፈራል፤ የስኮትላንድ እናቶች ሕፃን ያለበት አልጋ አጠገብ ብረት ያኖሩ ነበር። እኛስ ጋ አራስ ከቤት ስትወጣ ቢላዋ ትይዝ የለ? ዛርም ቢሆን ሴትና ወንድ ብሎ አይለይም። ወንድ ዛር ሴትን ፈረሱ ያደርጋል፤ በእሷ አፍ እንደ ወንድ ይፎክራል፣ ቤተሰቡም «ጌታዬ፣ ምን ይታዘዝ?» ይለዋል። ይህን በጓዳው ሲያስተናግድ የኖረ አገር በፌይ ልቦለድ ሊደነግጥ አይገባም።

የማልወድላቸው ነገርም አለ። ብዙ ጊዜ አንደኛው የሺህ ዓመት መስፍን፣ ሌላው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ልጁ ሳያውቅ የበላው ምግብ ወይም አምልጦት የተናገረው ቃል እስረኛ ያደርገዋል። ደራሲው ግን ፍቅር ነው ይለናል። አልስማማም። ተገዶ የተገባ ውል ገጸ ባሕርያቱ ምንም ያህል ቢያምሩ ያው ውል ነው። ጎበዞቹ ደራሲዎች ውሉን መሐል ላይ ያፈርሱታል፤ ልጁ ነጻ ወጥቶ፣ በሩ ተከፍቶለት፣ ወዶ ሲመለስ ነው ልብ የሚመታው።

አንድ ሰው ይህን በአማርኛ ቢጽፈው ደስ ይለኛል። ቦታ አያጣም፤ የጣርማ በር ጉም እንደሁ ጎረቤትን ከጎረቤት ይሰውራል። መስፍኑ ግን የብር ዘውድና የመስታወት አዳራሽ አያስፈልገውም። የእኛ ዛር ሽቶ፣ ቡና፣ ከዚያም ቀለሟን ራሱ የመረጣት ዶሮ ነው የሚጠይቀው። ዶሮዋ ካልተገኘች ደግሞ ማኩረፉ አይቀርም።