ችግሩ ሁለተኛው ዓይን ነው

አንዱን ዓይን መኳል ማንም አያቅተውም። ጉድ የሚፈላው ሁለተኛው ላይ ነው።

ጎንደር ውስጥ ብዙ ጀማሪ ተኳይ ሥራ የሚጀምረው ጥር 11 ጎህ ሳይቀድ ነው። አይላይነሩ (የዓይን ጠርዝ መሳያው) ዓመቱን ሙሉ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ይከርማል። ልክ ሰው ሁሉ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ሲተም ይከፈታል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለው ሰው ስለ ዓይን ምንም አላለም። ልጆቹ ግን ሕጉን በራሳቸው ሥልጣን አስፍተውታል።

ስልኩ ስኳር ዕቃው ላይ ይደገፋል። የቲክቶኳ ልጅ እየሳቀች በአንድ ሰረዝ ጨርሳ ሄዳለች። የእኛዋ ትንፋሿን ውጣ፣ አፏን ከፍታ (አፍ ሳይከፈት የተኳለ ዓይን አይቼ አላውቅም) ቀኙን ትስላለች። ያምራል። ግራው ትንሽ ይወፍራል። እንዳይበላለጡ ቀኙ ላይ ይጨመራል። አሁን ቀኙ በለጠ። ግራው ይካሳል። እንዲህ ሲካካሱ መስመሩ ቅንድብ ደጃፍ ይደርሳል። መሀል ላይ መብራት ከሄደማ የቀረው በስልክ ባትሪ ያልቃል፤ ውጤቱን ፀሐይ ሲወጣ ሰፈሩ ያየዋል።

ሰፈሩ ደግሞ ዝም አይልም። «ውይ በሞትኩት! ማን መታሽ ልጄ?» ይላሉ ጎረቤቷ እትዬ፣ ከልባቸው ደንግጠው። አያት በበኩላቸው ትዕግሥታቸው አልቋል። «ይኼ ሁሉ መስታወት ለምን? እንጨቱን ዓይንሽ ላይ አድርገሽ፣ ጨፈን ብለሽ ሳብ ማድረግ ነው!»

አያትን ማመን ደግ ነው። ገበያ ላይ ያለውን ኩል ሁሉ ማመን ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ኩል እርሳስ ካለበት ድንጋይ የሚፈጭ ነው። እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው፤ ይበልጥ የሚጎዳው ሕፃናትን ሆኖ ሳለ፣ «ዓይኑ እንዲያምር» ተብሎ አራስ ልጅ የሚኳልበት ቤት አለ።

ለጀማሪ የሚበጀውማ ቀላል ነው። ክርንን ጠረጴዛ ላይ ማስደገፍ። ሽፋሽፍቱ ሥር ነጠብጣብ አድርጎ ኋላ ማገናኘት። ሁለቱን ዓይን ጎን ለጎን፣ ትንሽ ከዚህ ትንሽ ከዚያ እያሉ መሥራት። ከበዛ በጥጥ መቀነስ። መቀነስ ነው ያልኩት! ማስካራውን (የሽፋሽፍት ማጥቆሪያውን) ከሥር ወደ ጫፍ መሳብ ነው፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ። ኮብልስቶን ላይ በሚዘል ባጃጅ ውስጥ ከሆነ «ልትኳል ዓይኗን አጠፋች» ተረት መሆኑ ይቀራል። ደግሞ የአክስት ልጆች ሁሉ ተራ የሚይዙበት ማስካራ ውበቱን ሳይሆን የዓይን በሽታውን ነው የሚያዳርሰው። ከተከፈተ 3 ወር ካለፈው መጣል ነው። አምና ለጥምቀት የተከፈተውን እዚህ ላይ ባላነሳው ይሻላል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ያየ ሰው ሁለት ዓይን እኩል መሣል እንደሚቻል ይገባዋል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ሲሣል፣ ክፉው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። የጀማሪዋን የጥምቀት ፎቶ አንድ በአንድ ብታዩ ሁሉም በጎን የተነሣ ነው። ክፋት የለባትም፤ ግራው ስላልሆነላት ነው።

ጸሎቱ አልቆ ውኃው ተባርኮ ጎረምሳው ዘሎ ሲገባ ደግሞ ሌላ መዓት ይመጣል። ውኃ ይረጫል። ርካሹ ማስካራ ሳይውል ሳያድር አገጭ ይደርሳል። በእልልታው መሀል አንዲት እናት ክንዷን ይዘው «አይዞሽ እናቴ፣ ማን ሞተብሽ?» ይሏታል።

ውኃ የማያስለቅቀውን የገዛችው ብልጥ ግን ፈተናዋ ማታ ነው። በሳሙና ብትፈትገው ንቅንቅ አይልም። የሚያስለቅቀው ቅባት ያለው ማጽጃ ነው፤ ጥጥ ላይ አድርጎ ዓይን ጨፍኖ ትንሽ መያዝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መጥረግ። ተኩሎ መተኛት ዓይን ያስቆጣል ብለው ይመክሯታል። እሷ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ አልጋዋ ላይ ወጥታለች።

«ነገ ሚካኤል አይደል እንዴ የሚገባው? ይኼን አጥቤ ግራውን እንደገና ልጀምርላችሁ?»