ጭሱ ያለቀለት ከሰልም ይገድላል

«ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉት፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ መኝታ ቤት አስገቡት፤ ያኔ ምንም አያደርግም» የሚለውን ምክር አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። በደጋው አገር፣ በተለይ በኅዳር ውርጭ፣ ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው። ግን ስህተት ነው።

የሚገድለው የምናየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ቀይ ፍም ደግሞ ይህን ጋዝ በብዛት ያወጣል። አመድ ለብሶ የጠፋ የሚመስለውም ቢሆን ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ ደም ውስጥ ሲገባ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ይመጣል። የተኛ ሰው ግን አንዱም ሳይታወቀው ራሱን ይስታል።

ፈርኔሎው አጠገብ ውሃ ማስቀመጥም አያድንም፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም።

«አውሮፓ እንጨትም ከሰልም የሚያነድ ምድጃ ሳሎን ውስጥ አለ አይደል?» ላላችሁት፣ አዎ አለ። ግን በር ያለው የብረት ምድጃ ነው፤ ጋዙን በቱቦ ከጣሪያ በላይ ያስወጣል። ቱቦው በየጊዜው ይጠረጋል፤ እንዲያም ሆኖ የጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ይገጠምለታል። ፈርኔሎ ይህ ሁሉ የለውም።

ቡና ሲፈላ እንኳን በርና መስኮት ይከፈት። ከመኝታ በፊት ፈርኔሎው ከነአመዱ ደጅ ይውጣ። ሌሊቱን በጋቢና በብርድ ልብስ እለፉት። ራሱን የሳተ ሰው ካገኛችሁ ቶሎ ወደ ንጹህ አየር አውጡት፤ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት።