ሰው ሳትጠይቁ «ፎርማት» የምትሉ ሁሉ ስሙኝ!

«ፎርማት እናድርገው»፣ ማለትም ዲስኩን ጠርገን ባዶ እናድርገው፣ የሚባለውን ነገር ከዛሬ በኋላ ከማንም አፍ መስማት አልፈልግም። አልፈልግም አልኩ! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ያቺን ላፕቶፔን ታውቋታላችሁ። ባትሪዋ ከሞተ ሰንብቷል፣ ቻርጀር ካልተሰካ አትነሳም። ትናንት ማታ ዝናቡ ሲጀምር መብራት ሄደ፣ መጣ፣ መልሶ ሄደ። የጅማን ክረምት ለእናንተ አልነግርም። ተረጋጋ ብዬ ስከፍታት ኡቡንቱ፣ በዊንዶውስ ፋንታ የምጠቀምበት የሊኑክስ ሲስተም፣ የለም። ጥቁር ስክሪን፣ ነጫጭ ጽሑፍ፣ ከታች «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል፣ ሲስተሙ ሳይነሳ መንገድ ላይ ሲቀር የሚመጣው መስመርና ብልጭ ድርግም የምትል ጠቋሚ። ከሱ በላይ ደግሞ ያልተጠበቀ መዛባት ተገኝቷል፣ ኤፍኤስሲኬን (የዲስክ መዛባት የሚጠግነውን ፕሮግራም) በእጅ አስኪዱ የሚል ማሳሰቢያ።

ይሄ ሞት አይደለም። ሲስተሙ ዲስኩን ፈትሾ የማይጣጣም ነገር አገኘ፣ በራሱ ፈቃድ ቢነካካው ሊያበላሽ ስለሚችል ቆሞ ሰው ጠራ። ማሽኑ እንኳ ባለቤቱን ሳይጠይቅ አልነካም! ይሄን ያዙልኝ፣ ወደ ጥገና ቤቱ ሰውዬ ስመጣ ያስፈልገናል።

እዚያው ላይ ኤፍኤስሲኬን ማስኬድ አቅቶኝ አይደለም። ከማሳሰቢያው በላይ የተደረደሩት መስመሮች «አይኦ ኤረር» (ማንበብ ወይም መጻፍ አልተቻለም) ይላሉ፣ ዲስኩም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀምሯል። ዲስኩ ራሱ እየታመመ ከሆነ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂው ወደ ሌላ ዲስክ ይወጣል፣ ጥገናው የሚሠራው ቅጂው ላይ ነው። ኤፍኤስሲኬ ያነበበውን እያስተካከለ ይጽፋል፤ በትክክል ማንበብ የማይችል ዲስክ ላይ እንዲጽፍ ከፈቀዳችሁለት የተረፈውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ላፕቶፗን ያለ ታመመው ዲስክ የማስነሳበት፣ ኡቡንቱ የተጻፈበት ፍላሽና የሰው ኤክስተርናል ዲስክ ነበር። በቃ። አጂፕ አካባቢ ያለው ጥገና ቤት የሄድኩት ፍላሹን እንዲጽፉልኝ ብቻ ነው። ይሄን ስገባ በር ላይ ቆሜ ተናግሬያለሁ።

«ምን ሆና ነው?»

«ዲስኩ ታሟል፣ እሱን ተወው። ፍላሽ ላይ ኡቡንቱ ጻፍልኝ።»

ካቻቢቴውን አነሳ። የምለውን እየሰማ ካቻቢቴውን አነሳ! «ዊንዶውስ ስንት ነበር የተጫነው?» አለኝ።

«ዊንዶውስ አይደለም፣ ሊኑክስ ነው።»

«ማን ጫነብሽ?»

ጫነብሽ! እንደ ጉዳት ነው የጠየቀኝ። «ራሴ» አልኩት። ወደ ጓደኛው ዞሮ «ራሷ ናት አሉ» አለና ሳቁ። ቤቱ ውስጥ ስልክ ሊያሠሩ የተቀመጡት ሰዎችም ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ «እህቴ፣ ይሄ የሃከሮች ነው። ለአንቺ ዊንዶውስ 10 አሪፍ ነው፣ ኦፊስም አብሬ እጭንልሻለሁ» አለኝ።

የሃከሮች! ይሄን ሲለኝ እኮ በግራ እጁ አንድሮይድ ስልክ ይዟል። አንድሮይድ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል፣ በሲስተሙ እምብርት፣ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ተማሪ እያለ በ1991 ያወጣው ነገር ዛሬ በሰውዬው መዳፍ ላይ ቲክቶክ እያስኬደ፣ እኔ ላይ ሲደርስ የሌባ ዕቃ ሆነ። ይሄን ነግሬዋለሁ። «ስልክ ሌላ፣ ኮምፒውተር ሌላ» አለኝ።

አሁን ደሜን ያፈላው ጋ ደረስን። ማንንም ሳያማክር ዲስኩን ፈቶ አወጣ፣ በገመድ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ሰካው። ዊንዶውስ ያችን የታወቀች ሳጥን አመጣ፦ ይህን ዲስክ ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብዎት። ሰውዬው ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ ፊቱ በርቶ «አየሽ? ባዶ ነው። ራሱ ኮምፒውተሩ ፎርማት አድርጉኝ እያለ ነው» አለኝ። ጠቋሚው ቀስቷ የት እንደነበረች ልንገራችሁ? «ፎርማት» የምትለዋ ቁልፍ ላይ። ጣቱ ማውሱ ላይ። ማውሱን ከእጁ ነጠቅኩት። አዎ ነጠቅኩት፣ ነገም ቢሆን እነጥቀዋለሁ።

ዲስኩ ባዶ አይደለም! ፋይሎቹ ያሉት ኢኤክስቲ4 በሚባለው የሊኑክስ የፋይል አደራደር ላይ ነው። ዊንዶውስ እንዲሁ በራሱ ኢኤክስቲ4 ማንበብ አይችልም፤ የማያውቀው ዓይነት ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሲገጥመው ፎርማት አድርጉት ማለት ልማዱ ነው። «አማርኛ የማያነብ ሰው የአማርኛ መጽሐፍ ቢያሳዩት ባዶ ወረቀት ነው ይላል እንዴ?» አልኩት። ዝም። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት «ተይ ልጄ፣ ባለሙያ ነው፣ ይሠራልሻል» አሉኝ። እሳቸውን አልቀየምም፣ ለሰላም ነው። ግን ሰው ሁሉ እንዲህ እያለ ነው ፋይሉን የሚያስበላው። ባለሙያ ነው፣ ያውቃል፣ ተይ።

ስወጣ ደግሞ ለ«ምርመራ» 200 ብር ተባልኩ። ዲስኬን ያለፈቃዴ ለፈታበት! ከፈልኩ። ካልከፈልኩ ዲስኩ ከጠረጴዛው አይነሳም ነበር።

ባዶ ያለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከጅማ ዞን ወረዳዎች፣ ከጎማ፣ ከማናና ከሊሙ ቡና ገበሬዎች ጋር ያደረግኳቸው ቃለ ምልልሶች ናቸው። የቡናውን ጥላ ዛፍ ማን እንደተከለው፣ የቱ ዛፍ ሲቆረጥ ቡናው ምን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ በዝርዝር የነገሩኝ ድምፅ። በጭቃ ተሂዶ፣ በባጃጅም በእግርም ተሂዶ የተቀዳ ነው። ከነሱ መሀል ዳግመኛ ሄጄ ላገኛቸው የማልችላቸው ሰዎች አሉ።

«ባክአፕ የለሽም ወይ?» ልትሉ አፋችሁን የከፈታችሁ መልሳችሁ ዝጉልኝ። ባክአፕ አለኝ። የመጨረሻው ዙር ነው ያልተገለበጠው፣ እየተጫነ እያለ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። በዚህ ኢንተርኔት ጊጋባይት ድምፅ ክላውድ ላይ ስቀሉና እስቲ አሳዩኝ። ሌሊት ተነስቼ ነው የምሰቅለው፣ ግማሽ ሲደርስ ይቋረጣል፣ እንደገና ከመጀመሪያው።

ኢንተርኔት ካልኩ አይቀር፣ ፍላሽ ላይ የሚጻፈው የኡቡንቱ 24.04 የዴስክቶፕ ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። በዳታ ፓኬጅ አውርዱት። ወርዶ ሲያልቅ ኤስኤችኤ256 የሚባለውን የፋይሉን ማረጋገጫ ድምር ከኦፊሴላዊው ጋር ታስተያያላችሁ፣ አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። ይሄን ሳያዩ ጭነው መሀል ላይ ሲቆምባቸው «ሊኑክስ ችግር አለበት» የሚሉ ሰዎች አሉ። ደግሞ ፍላሹ! መርካቶ የገዛሁት «64 ጂቢ» ተብሎ የተጻፈበት ፍላሽ ውስጡ 8 ነው። ውስጧ ያለችው ቺፕ ለኮምፒውተሩ 64 ነኝ ብላ ትዋሻለች፣ ከ8 ያለፈው ሁሉ ገደል ይገባል፣ ስትገለብጡ ግን ምንም ስህተት አታዩም። ኤፍ3 በሚባል ፕሮግራም ነው ያጋለጥኳት። ሻጩ «ፎርማት አድርጊውና ይስተካከላል» አለኝ። እሱም ፎርማት!

የእዚያን መምህር ጓደኛችንን ነገር ታስታውሳላችሁ አይደል? አሁን ሳስበው እንደ አዲስ ይነደኛል። ኤክስተርናል ዲስኩ በቋሚነት እንዲከፈት ሲስተሙ ሲነሳ የሚከፍታቸው ዲስኮች በሚዘረዘሩበት ኤፍኤስታብ የሚባል ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ገብቶለት ነበር። ዲስኩን ነቅሎ ላፕቶፑን ሲያስነሳ ሲስተሙ ያልተሰካውን ዲስክ 1 ደቂቃ ተኩል ጠብቆ «ኢመርጀንሲ ሞድ» ውስጥ ገባ። ዲስኩ ጤነኛ፣ ፋይሎቹ ጤነኛ፣ ሁሉም ጤነኛ። መድኃኒቱ ምን ነበር? ኤፍኤስታብን ናኖ በሚባል የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ መስመሩ ላይ «ኖፌይል» (ዲስኩ ባይኖርም አትቁም) የምትል ቃል መጨመር፣ ወይም ከፊቱ አንዲት የመሰላል ምልክት (#) አድርጎ ዝም ማሰኘት። ሪስታርት። አለቀ። ጥገና ቤቱ ምን አደረገ? ፎርማት! የዓመታት ፈተናው፣ የትምህርት ማስታወሻው፣ የልጁ ፎቶ ሁሉ ለአንድ መስመር ሲባል ተጠረገ። መምህሩ ሲነግረኝ «ምን ይደረግ፣ ኮምፒውተር ነው» ነው ያለኝ። ምን ይደረግ ማለት ምንድነው? ሰው አጥፍቶት እኮ ነው!

እኔ የምሠራበትም ቦታ አዳዲስ ላፕቶፖች መጥተው የሊኑክስ ኢንስቶለሩ (መጫኛው) ዲስኩን አላይም ሲል «ይሄ ኮምፒውተር ሊኑክስ አይቀበልም» ተብሎ ተዘጋ። ባዮስ (ሲስተሙ ሳይነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ገብቶ የዲስኩን አሠራር ከኢንቴል አርኤስቲ ሊኑክስ ወደሚያውቀው ኤኤችሲአይ መቀየር ነው! ዊንዶውሱም እንዲቆይ ከተፈለገ ቀድሞ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ማዘዝ ነው፣ አለበለዚያ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱ የት እንደገባ እግዜር ይወቅ።

እኔን የሚያቃጥለኝ አለማወቃቸው አይደለም። ሰው ሁሉን አያውቅም፣ ኢኤክስቲ4 ምን እንደሆነ ባታውቅ ማንም አይፈርድብህም። «ውስጡ የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ስንት ዓመት ትምህርት ይፈልጋል? ይቺን አንዲት ጥያቄ! የሌላ ሰው ንብረት ነው እጅህ ላይ ያለው። «አላውቀውም፣ ውሰጂው» ብትለኝ አመስግኜህ እወጣ ነበር፣ 200 ብሩንም በደስታ።

ፍላሹን በመጨረሻ የጻፈችልኝ ቆጪ ሰፈር ያለችው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አልሳቀችም። «ዲስኩ ስንት ጊጋ ነው? ቅጂውን የምታስቀምጪበት አለሽ?» ነው ያለችኝ መጀመሪያ። የራሷን አንድ ቴራ ዲስክ ባዶ አድርጋ አዋሰችኝ። እግዜር ያክብርልኝ።

አሁን ይሄን በስልኬ ስጽፍ ዲዲሬስኪው፣ ከታመመ ዲስክ ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም፣ እየሄደ ነው። መጀመሪያ የሚነበበውን በሙሉ ያወጣል፣ እምቢ ያለውን ክፍል አልፎት ይሄድና በመጨረሻ ተመልሶ ይታገለዋል። ፍጥነቱ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ዜሮ ላይ ይቆማል፣ ዲስኩ ቀጭ ይላል፣ ሆዴም አብሮ። ቅጂው ሲያልቅ ቅጂው ላይ ኤፍኤስሲኬ አስኬዳለሁ። ዋናው ሱፐርብሎክ (የፋይሎቹ አደራደር የተመዘገበበት ቦታ) ተበላሽቶ ከሆነ ኢኤክስቲ4 መጠባበቂያ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ብሎክ 32768 ላይ ይገኛል፣ ከዚያ ይነሳል። ማውጫቸው የጠፋ ፋይሎች «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» ውስጥ ይገባሉ፣ ስማቸው ቀርቶ በቁጥር። ያኔ እያንዳንዱን ከፍቼ በድምፃቸው ማን ማን እንደሆኑ እለያለሁ፣ የጎማው ሽማግሌ፣ የሊሙዋ እናት። ይሁን፣ እቀመጣለሁ።

ወይኔ! ወይኔ፣ መብራት ሄደ። እየጻፍኩ ሄደ!

እሺ። እሺ፣ ተረጋጊ። ዲዲሬስኪው የት እንደደረሰ ማፕ ፋይል ላይ እየመዘገበ ነው የሚሄደው፣ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። ማፑንም ያስቀመጥኩት የልጅቷ ዲስክ ላይ ነው። ለእናንተም ልንገራችሁ፦ ላይቭ ፍላሹ ላይ ተነስታችሁ ማፑን ዴስክቶፕ ላይ ካስቀመጣችሁት ሜሞሪ (ራም) ላይ ስለሆነ መብራቱ ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፣ ሀ ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ግን ይሄ የታመመ ዲስክ እንዲህ በየሰዓቱ ሲጠፋና ሲነሳ ስንት ጊዜ ይችላል? በየመነሳቱ ነው የሚደክመው። ደክሞኛል እኔም፣ የምር።

ጅማ ያላችሁ፣ ባትሪው የሚሠራ ዩፒኤስ ወይም ኢንቨርተር ለዛሬ ሌሊት የሚያውሰኝ ካለ ኢንቦክስ ይበለኝ፣ ባጃጅ ይዤ አሁኑኑ እመጣለሁ። እሱ ከሌለም የዚህችን ላፕቶፕ ባትሪ የሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ። «ጥሩ ጥገና ቤት አውቃለሁ» ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ ብቻ።