አሬራ እየጠጣች የምትጾም አምላክ

እኛ አገር ሰው ለአምላኩ ይጾማል። ደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ግዛት ውስጥ፣ ከቲሩቺራፓሊ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ሳማያፑራም ደግሞ ማሪያማን የምትባል እንስት አምላክ ራሷ ለሰዉ ትጾማለች። በየዓመቱ 28 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ እኛም ዐቢይ ጾም ላይ በምንሆንበት ሰሞን፣ የበሰለ ነገር አይቀርብላትም። የለጋ ኮኮናት ውኃና ቀጠን ያለ አሬራ ይበቃታል።

አብሮኝ የሄደው ያገሬ ልጅ፣ እዚያው የሚማር፣ ከእናቱ ጡት ወርዶ ጾም የጀመረ ዓይነት ሰው ነው። ይህን ሲሰማ ፊቱን አኮሳተረ።

«አሬራማ ያስገድፋል» አለ። «ደግሞ 28 ቀን ምን አላት? እኛ 55 እየጾምን!»

በጾም ነገር አበሻን ማስደመም ለአማልክትም ከባድ ነው።

በሩ አካባቢ ከስስ ቆርቆሮ የተቀረጸ ዓይን፣ እጅና እግር ይሸጣል። ያመመው ሰው የታመመውን ገዝቶ ስለት ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራል። ከፊታችን አንዲት እናት ለባላቸው ጉልበት እግር እየገዙ ነበር። ሻጩ ጥንድ አቀረበላቸው። እሳቸው ግን «ቀኙ ደህና ነው፤ ግራውን ብቻ ስጠኝ» ብለው ድርቅ አሉ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ተከራከሩ፤ ግራውን ብቻ ይዘው ገቡ።

ሳጥኑን ካህናቱ እንዳሻቸው የሚከፍቱት እንዳይመስላችሁ። እዚያ ግዛት ትልልቆቹ ቤተ መቅደሶች እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣ ሕግ የሚተዳደሩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ወርቁ ይመዘናል። ሰልፉም ሁለት ነው፤ ነጻውና የሚከፈልበት። እሷ ፊት ሁሉም እኩል ነው፤ ልዩነቱ ፊቷ እስኪደረስ ነው።

ማሪያማን የዝናብና የፈንጣጣ ባለቤት ናት። ድሮ ፈንጣጣ የገባበት ቤት «እናት መጥታብናለች» ተብሎ በሩ ላይ የኒም ቅጠል ይሰቀላል፤ እንግዳ አይገባም። (ነገሩ ሲታይ ብልሃት ነበረው።) በኋላ ክትባቱ አሸነፈ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1975፣ እኛ በ1976 የመጨረሻውን ታማሚ አየን፤ በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ብሎ አወጀ። ሥራው እንዲህ ያለቀበት ሹም ቢሆን ወንበሩ ይታጠፍ ነበር። እሷ ግን ጉድፉን፣ ፈተናውን፣ ትዳሩንና ቪዛውን ደርባ ያዘች፤ ሰልፉም ሊያጥር አልቻለም።

በሐምሌና በነሐሴ በየመንደሩ በማሪያማን ደጅ ቀጠን ያለ የዳጉሳ ገንፎ ለመጣው ሁሉ ይታደላል፤ ከጥሬ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር። ዳጉሳ ሕንድ የገባው ከሺህ ዓመታት በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነስቶ ነው። ጓደኛዬ ይህን ያውቃል፤ አውቆም ዝም አይልም። ገንፎውን ለሚቀዱት አዛውንት «አባባ፣ ይሄ እህል እኮ ከእኛ የመጣ ነው» አላቸው፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ጎሽ! እናንተስ ምን ትሠሩበታላችሁ?»

እንጀራ ማለት ይችል ነበር። «አረቄ» አለ።

አዛውንቱ ጭልፋቸውን እንዳንጠለጠሉ ዞር ብለው ወደ መቅደሱ አዩ። ከዚያ ጠጋ አሉትና፣

«ይጠነክራል?» አሉ።