ሲስተሙ ጳጉሜን አያውቅም

አንድ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላክ ይሄን ያህል ደም ማፍላት ነበረበት? የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙ ይቆየንና፣ የሬጅስትራሩን ሥራ ወደ አዲስ ሲስተም አዛውሯል። ማስታወቂያው "ካሉበት ሆነው ይጠይቁ" ይላል። ለእኔ ቢጤው የመንዝ መሐል ሜዳ ነዋሪ ከዚህ በላይ ምን የምስራች አለ? የጣርማ በርን ጉም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብርድ፣ "መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ" የሚለውን ወሬ የለመደ ያውቀዋል።

ፖርታሉን ከፈትኩ። የፋይዳ ቁጥር አስገባ አለኝ፤ አስገባሁ። "የልደት ቀን አይዛመድም" አለ። በቀይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት ጳጉሜ 3 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው። የወረቀት ፋይሌም ይህንኑ ይላል። አዲሱ ሲስተም ግን የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው። 13ኛ ወር ሲሰጡት እምቢ ብሎ፣ ቦታው ባዶ እንዳይቀር በገዛ ፈቃዱ 1/1/1900 ሞልቶልኛል። በፈረንጅ! ከአድዋ ድል 4 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ምኒልክ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ እኮ። ፋይዳዬ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ሰፍሯል፤ ጳጉሜ 3 ቀን 1990፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1998። አገር የቻለው ነገር አንድ ግቢን እንዴት ያቅተዋል?

እሺ፣ ስህተቱስ ይሁን። ሲስተም ሲቀየር ዳታ ይበላሻል። የሚያንገበግበኝ የሚያርመው ሰው መጥፋቱ ነው። ስልክ አይነሳም፤ ተነስቼ በአካል ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፋይሌን ከመደርደሪያ አወጣችልኝ። ፎቶዬ ተለጥፎበታል። የልደት ቀኔ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"እህቴ፣ አየሽው አይደል?"

"አይቻለሁ ወንድሜ። ግን የማረሚያ አክሰስ የለኝም፤ አይሲቲ ጠይቅ።"

አይሲቲ ደግሞ "ሬጅስትራር በደብዳቤ ካላዘዘን አንነካም። ቢያዘንም የሚያስተካክለው ሲስተሙን የሠራው ድርጅት ነው" አለ። ድርጅቱ የት ነው? አዲስ አበባ።

በልጅቷ አልፈርድም። ድሮ እሷው ታርመው፣ ኃላፊው ይፈርምበት፣ ማኅተም ያርፍበትና ያልቅ ነበር። አሁን ሥራውን የምታውቀዋን እጇን አስረው፣ ፋይል አይቶ ለማያውቅ ሰው ቁልፉን ሰጡት።

ወረቀቱስ ቀረ? የት ይቀራል! ክሊራንሱ ያው በወረቀት ነው። የወጪ መጋራት የከፈልክበትን ደብዳቤ ኦሪጅናሉን ይዘህ ና፣ ኮፒ አያይዝ፣ ከዚያ ደግሞ ስካን አድርገህ ፖርታሉ ላይ ጫን። መብራት ከሄደ ሁሉም ነገር ቆመ። የድሮው መዝገብ እንኳ በመስኮት ብርሃን ይነበብ ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለመስኮቷ ሠራተኛ የማረም ፈቃድ ስጧት። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳረመ ሲስተሙ ይመዝግብ፤ የኮምፒውተር ጥቅሙ ይሄ አይደል እንዴ? ዳታው እስኪጠራ ደግሞ የወረቀት ፋይሉ ይታመን። የሚቀጥረኝ መሥሪያ ቤት የሰጠኝ ቀን እየደረሰ ነው። ይሄ ነገር ደርሶበት በደብዳቤ ያስጨረሰ ካለ፣ ማን ፈርሞ እንዳለፈለት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።