ቤዝመንቱ ሁለተኛ በር አለው?

ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ አካባቢ አዲስ ቤት የሚያስገነባ ሁሉ ቤዝመንት ያስቆፍራል። ግማሹ ለመኪና፣ ግማሹ ለዕቃ። አሁን አሁን ግን «ክፉ ቀን ቢመጣም እንገባበታለን» የሚል ሰው አይጠፋም። በቀልድ ነው የሚሉት፤ ያለፉት ዓመታት ግን እንዲህ ላለ ቀልድ ምክንያት አላሳጡንም።

ሐሳቡን አልቃወምም። የማልስማማው ኮንክሪት ማወፈር ብቻውን በቂ ነው በሚለው ነው። ባለቤቱን ስለ ግድግዳው ጠይቁት፤ ስንት ሳንቲም እንደሆነ፣ ስንት ቁጥር ፌሮ እንደገባበት ሳይደናቀፍ ይነግራችኋል። አየሩስ በየት ይገባል? መውረጃው ቢደረመስ በየት ይወጣል? እዚህ ላይ ወሬው ይቀዘቅዛል። (የሚፈራው የመሬት መንቀጥቀጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ወደ ምድር ቤት መሮጥ አይመከርም።)

ስዊዘርላንድ ወደ 9 ሚሊዮን ሰው የሚይዙ መጠለያዎች አሏት። ብዙዎቹ በመኖሪያ ቤት ሥር ያሉ ተራ ክፍሎች ናቸው፤ በሰላሙ ጊዜ ዕቃ ይቀመጥባቸዋል። ክፍሉ ውስጥ ግን የአየር ማጣሪያ አለ። መብራት ቢጠፋ ማራገቢያው በእጅ ይዞራል። ይሄው ማራገቢያ የውስጡን የአየር ግፊት ከውጪው በትንሹ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በየስንጥቁ አየር ይወጣል እንጂ አይገባም፤ መርዙ ደጅ ይቀራል። በሩም ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ፍንዳታ ሲመታው ይበልጥ መቃኑ ላይ ይጣበቃል እንጂ ወደ ውስጥ አይበረገድም።

ካናዳ ውስጥ ከኦታዋ ወጣ ብላ ካርፕ የምትባል መንደር አለች። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 መሬት ውስጥ ባለ 4 ወለል መጠለያ ተሠራ፤ 535 ሰው ለ30 ቀን እንዲይዝ ታስቦ። መግቢያው ረጅም መተላለፊያ ነው። የፍንዳታው ግፊት በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው እንዲያልፍ ታስቧል፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር ከጎን ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ ጎብኚውም በዚያው መተላለፊያ ነው የሚገባው። በቅርስነት መጠበቅ ያለበትም እንዲህ ያለው ነገር ይመስለኛል። ግድግዳ ብቻ ቢቀር ማንም ምን እንደነበር አይረዳም።

ግድግዳ ብቻውን እንደማያድን እኛ ደግሞ በደም የተማርን ነን። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ፣ ዘረት። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ወገን የሆኑ ሰዎች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ቁስለኞች ጭምር፣ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ውስጥ ተጠልለዋል። ጣሊያን ዋሻውን ከበበ። ከብዶ የቆመው ዓለት ምን በወጣው፤ የቻለውን ያህል ችሏል። የገባው ጋዝ ነው። የመርዝ ቦንቡን ከላይ ከገደሉ በገመድ አውርደው አፉ ላይ አፈነዱት። እጃቸውን ሰጥተው ከወጡትም በመቶዎች የሚቆጠሩ ተረሸኑ። ከብዙ ዘመን በኋላ አጥኚዎች ሲገቡ አጥንትና የሸክላ ዕቃ እዚያው አገኙ። ቦታው በቅርስነት ይጠበቅ ሲባል ሐውልት ማቆም ብቻ አይበቃም። የዋሻው አፍና ከላይ ያለው ገደል አብረው መጠበቅ አለባቸው። ታሪኩ የሚነበበው በእነሱ ነው።

የከርሰ ምድር ሥራ ሌላው ጠላት ውሃ ነው። የካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤል ያየ ያውቀዋል። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ በክረምት ግን ውሃ ይተኛበታል። የዘንድሮ ቤዝመንትም ፓምፑ የተበላሸ ቀን ከዚህ አያመልጥም። ፊንላንድ ከ50 ሺህ በላይ መጠለያ አላት፤ ቢያንስ በየ10 ዓመቱ ዕቃቸው ይሠራ እንደሆነ መፈተሽ ግዴታ ነው። እኛ ጋ ጄኔሬተሩን እንኳ የምናስታውሰው መብራት ሲጠፋ ነው።

ስለዚህ አሁን እያስቆፈረ ላለ ሰው ልመናዬ ቀላል ነው። ፎርማኑን ዛሬውኑ ያናግረው። ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ ፍርስራሽ በማይደርስበት ግቢ ጥግ የሚወጣ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ይጨመር፤ መሰላልና ከውስጥ የሚከፈት ክዳን ይኑረው። የአየር ቱቦም ይቀበር። ጉድጓዱ ክፍት ሳለ ይህ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ግን ማን ደፍሮ ይነካዋል?