ሲኒማ ቤቱ ሲፈርስ ብቻ አትምጡ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል። ቢሆንም ልናገረው።

አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ሁላችንንም ሆዳችንን ባር ባር ይለዋል። የድሮ ፎቶ ፈልገን እንለጥፋለን። «ስንቱን አሳለፍንበት» እንላለን። ከሥር የለቅሶ ምልክት ይደረደራል። ግን እስቲ በእውነት እንጠያየቅ። ከዚያ ሁሉ አልቃሽ ውስጥ ባለፈው ዓመት በዚያ በር የገባው ስንቱ ነው? ትኬት የቆረጠው ስንቱ ነው? ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር «ምን እናግዝ?» ብሎ የጠየቀው ማነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ሲኒማ ቤትን የሚገድለው ዶዘር ነው ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ። ዶዘሩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ባዶ ወንበር ነው። ከዚያ የማታው ፕሮግራም ይታጠፋል። ገቢው ሲቀንስ ጥገናው «ለከርሞ» ይባላል። አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል። ውሃው በግድግዳው ይወርዳል፣ የጣሪያው ጀሶ ይረጥባል፣ አንድ ቀን ቁራጩ ወንበር ላይ ዱብ ይላል። በማግስቱ «ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል ተዘግቷል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጠፋል። አንዴ ከተዘጋ ደግሞ ሌባ ሽቦውን ይነቅላል፣ እርግብ ይሰፍርበታል፣ መስታወቱ ይሰበራል። ያኔ «ይሄማ አርጅቷል፣ ምን ይደረግለታል» ማለት ቀላል ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ በደጁ በየቀኑ እያለፍን ነው።

«ቴሌቪዥን ነው የገደለው፣ ኢንተርኔት ነው የገደለው» ይባላል። ውሸት አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በብሪታንያ በ1946 ከ1.6 ቢሊዮን በላይ የሲኒማ ትኬት ተሽጧል። በ1984 ወደ 54 ሚሊዮን ወረደ። በመሃል ቴሌቪዥን በየሳሎኑ ገባ፣ ቪዲዮ ተከተለ። የቢንጎ አዳራሽ የሆነው፣ መጋዘን የሆነው፣ ጭራሽ የፈረሰው ሲኒማ ቤት ብዙ ነው። ግን ልብ በሉ። ቴሌቪዥን ያልገባበት አገር የለም። ሲኒማ ቤቱ ግን በሁሉም ቦታ አልፈረሰም። ልዩነቱ የመጣው ከሰዉ ነው።

ኒውዮርክ የነበረውን ሮክሲ የተባለ ሲኒማ ቤት ውሰዱ። በ1927 ሲከፈት ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ ወንበር ነበረው። በ1960 አፈረሱት። ዕድሜው 33 ዓመት ብቻ ነበር። በመክፈቻው ዕለት የታየው ፊልም ዋና ተዋናይት ግሎሪያ ስዋንሰን በፍርስራሹ መሃል እጇን ዘርግታ የተነሳችው ፎቶ ዛሬም ከእጅ እጅ ይዞራል። እንዲህ ያለ ፎቶ እኛም እንወዳለን። ያምራል፣ ያሳዝናል፣ ለመለጠፍም ይመቻል። ሕንፃውን ግን አልመለሰውም።

ከዚያም የባሰ አለ። የዲትሮይቱ ሚሺጋን ቲያትር በ1926 የተከፈተ፣ 4 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ አዳራሽ ነበር። ሊያፈርሱት ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን ከጎኑ የተያያዘውን የቢሮ ሕንፃ ይጎዳል ተባለ። ስለዚህ በ1970ዎቹ ውስጡን አራግፈው የመኪና ማቆሚያ አደረጉት። እዚያ መኪናውን አቁሞ የወረደ ሰው ቀና ሲል በቅርጻ ቅርጽ የተሞላ የጀሶ ጣሪያ ያያል፤ ከፊሉ ረግፏል። የመድረኩ ትልቅ ቅስት እዚያው ቆሟል። ከሥሩ የሞተር ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ነው። ይህን ሳስብ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ጣሪያው ይህን ያህል ዘመን በራሱ መቆም ከቻለ፣ በትንሽ እንክብካቤ ምን ያህል ሊቆይ ይችል ነበር?

አሁን ደግሞ አትላንታን እዩ። ፎክስ ቲያትር በ1929 በገና ዕለት የተከፈተ ነው። የአዳራሹ ጣሪያ የሌሊት ሰማይ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ትንንሽ መብራቶች እንደ ኮከብ ያበራሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ የስልክ ኩባንያ ቦታውን ለዋና መሥሪያ ቤቱ ፈለገው። የከተማው ሰው ግን አዳራሹ ገና ቆሞ ሳለ ተነሳ። ፊርማ አሰባሰበ፣ በ1975 ማኅበር አቋቋመ፣ ኮንሰርት አዘጋጀ፣ ገንዘብ አዋጣ። ኩባንያው መሥሪያ ቤቱን እዚያው አጠገብ ባለ ቦታ ላይ ሠራ። አዳራሹን ለመግዛት የተገባው ዕዳ በ1978 ተከፍሎ አለቀ። ፎክስ ዛሬም ይሠራል። «ወይ ልማት፣ ወይ ቅርስ» እያላችሁ የምትከራከሩ ሁሉ ይህን ስሙ። ኩባንያውም ቢሮውን አገኘ፤ ከተማውም አዳራሹን አላጣ። ያስፈለገው በጊዜ መነሳት ነበር።

በጊዜ ተነስቶም መሸነፍ አለ፤ አልደብቃችሁም። የኢስታንቡሉ ኤሜክ ሲኒማ በ1924 የተከፈተ ነበር። በቦታው የገበያ ማዕከል ይሠራ ሲባል ሰዉ ለዓመታት ተቃወመ። በ2013 የፊልም ሰዎች ሳይቀሩ ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ በውሃና በአስለቃሽ ጋዝ በተናቸው። ሕንፃው ፈረሰ። ጌጣጌጡን አንስተው በአዲሱ የገበያ ማዕከል ላይኛው ፎቅ ላይ አዳራሽ ሠሩበት። «አላፈረስነውም፣ አዛወርነው» ነው ነገሩ። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ተስፋ ሲሰጣችሁ ተጠንቀቁ። ከመንገድ በቀጥታ የሚገባበትን በር፣ ሰልፍ የሚያዝበትን ደጅ፣ ሕንፃው ከሰፈሩ ጋር የነበረውን ትስስር ማንም ነቅሎ ፎቅ ላይ አይተክለውም። የፊት ግድግዳውን ብቻ አስቀርቶ ኋላውን ማፍረስም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

አንዳንዱ ደግሞ «የባዕድ ሥራ ነው፣ ምናችን ነው?» ይላል። እሱም አስመራን ይይ። ሲኒማ ኢምፔሮ በ1937 በጣሊያን ቅኝ አገዛዝ ዘመን የተሠራ ነው። ንድፉ የጣሊያናዊ ነው። ገዢዎቹ ሄዱ፤ ሕንፃው ግን የከተማው ሰው ንብረት ሆኖ ቀረ። አስመራ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ እንዲህ ያሉት ሕንፃዎቿ ናቸው ያስመዘገቧት። ግንቡን ያቆመው የሠራተኛው ጉልበት፣ ወንበሩን የሞላው የሰፈሩ ሰው ነው። ሰው የኖረበት ቤት የሰው ነው።

እስቲ ወደ ውስጥ ግቡና አንድ ነገር ላሳያችሁ። አሮጌ ሲኒማ ቤት ስትገቡ ዞር ብላችሁ ከወንበሮቹ በላይ፣ ወደ ኋላ ግድግዳ ተመልከቱ። ትንንሽ መስኮቶች አሉ። ከኋላቸው ፊልም የሚያሳየው ማሽን ያለበት ክፍል ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ብረት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ፊልም ይሠራ የነበረው ናይትሬት ከሚባል፣ በቀላሉ እሳት ከሚይዝ ነገር ነበር። ናይትሬት አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ውስጥ እንኳ ይነድዳል። ስለዚህ በየመስኮቱ ላይ የብረት መዝጊያ ይንጠለጠል ነበር። የያዘው በሙቀት ቶሎ የሚቀልጥ ማያያዣ ነው። እሳት ሲነሳ ማያያዣው ይቀልጣል፣ መዝጊያው በራሱ ይወርዳል፣ እሳቱ ወደ ተመልካቹ አይደርስም።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ይቆም ነበር። አንዱ የፊልም ጥቅል የሚሄደው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ሊያልቅ ሲል በስክሪኑ ላይ፣ በቀኝ በኩል ከላይ ጥግ ላይ፣ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ኦፕሬተሩ ሁለተኛውን ማሽን ያስነሳል። ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ሌላ ነጥብ ትመጣለች። በዚያች ቅጽበት ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀይራል። ጎበዝ ከሆነ ታች ያለው ሰው ምንም አይታወቀውም። ማታ ማታ ይህን ሲያደርጉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች አሉ። ዲጂታል ፕሮጀክተር ሲመጣ በብዙ ቦታ ያ ማሽን በኪሎ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ።

«ስልኬ ላይ አያለሁ፣ አዳራሽ ምን ያደርግልኛል?» የምትሉም አላችሁ። ስልካችሁ ላይ ያለው ፊልሙ ነው። አዳራሹ ሌላ ነገር ይሰጣል። ከማታውቁት ሰው ጋር አብራችሁ ትደነግጣላችሁ፣ አብራችሁ ትስቃላችሁ። ዘመኑ ሰውን በየክፍሉ ባስገባ ቁጥር ይህ ነገር ብርቅ እየሆነ ነው።

እውነት ነው፣ ሁሉም አዳራሽ በፊልም ብቻ አይኖርም። ይህን ማመን አለብን። በቦነስ አይረስ በ1919 በቲያትርነት የተከፈተ፣ በኋላም ፊልም የታየበት ግራንድ ስፕሌንዲድ የሚባል አዳራሽ ነበር። በ2000 የመጻሕፍት መደብር አደረጉት። ሎጆቹ፣ ማለትም በግድግዳው ዳር ያሉት የተከለሉ መቀመጫዎች፣ አልተነኩም፤ ሰው እዚያ ተቀምጦ ያነባል። መድረኩ ላይ ሻይ ቡና ይጠጣል። የጣሪያው ሥዕል እንዳለ ነው። ኮንሰርት፣ ግጥም፣ ስብሰባ፣ የተማሪዎች ትርኢት፤ ሕንፃው መብራት ይብራበት እንጂ ብዙ ነገር ይችላል። በፈረንሳይ ላ ሲዮታ የሚገኘው ኤደን ቲያትር በ1889 የተከፈተ ነው። የሲኒማ ፈር ቀዳጆቹ የሉሚየር ወንድማማቾች ፊልም ታይቶበታል። ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ታድሶ በ2013 እንደገና ፊልም ማሳየት ጀመረ። መቶ ሃያ አራት ዓመት ያለፈው አዳራሽ ከዳነ፣ የኛ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሞልቶት ነው የሚፈርሰው አትበሉኝ።

እናንተ ባለቤቶች፣ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ጣሪያውን ጠግኑ። አሸንዳውን በየዓመቱ አስጠርጉ። ለአዲስ ወንበር የሚወጣው ገንዘብ ውሃ በሚያስገባ ጣሪያ ሥር የባከነ ገንዘብ ነው። እናንተ ኃላፊዎች፣ ሕንፃውን በቅርስነት መዝግባችሁ አትተዉት። መዝገብ ላይ ስሙ ያለ፣ መሬት ላይ ግን በዝናብ የሚሟሟ ስንት ቤት አለ! እናንተ ወጣቶች፣ አንድ ቀን ስትሰባሰቡ ሌላ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያ ግቡ። ወንበሩ ትንሽ ቢጎረብጥም ግቡ። የድምፁ ጥራት ካልጣማችሁ ለሥራ አስኪያጁ በትህትና ንገሩት፤ ዝም ብላችሁ አትቅሩ።

በከተማችሁ የቀረው አሮጌ ሲኒማ ቤት የትኛው እንደሆነ እወቁ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ የመሬቱ ፕላን ምን እንደሚል ጠይቁ። የሕንፃው ንድፍ ወረቀት በማን እጅ እንዳለ አፈላልጉ። አዳራሹን በደህና ቀኑ፣ በመብራት፣ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት፤ እድሳት የሚሠራ ባለሙያ በኋላ የሚለምነው ይህን ነው። ማሽን ክፍሉ ውስጥ የሠሩት ኦፕሬተር በሕይወት ካሉም በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ አግኟቸው። አንቱ ብላችሁ አጠገባቸው ተቀመጡና ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱ። ማሽኑ እንዴት እንደሚነሳ፣ ፊልም ሲበጠስ እንዴት እንደሚቀጠል፣ የትኛው ማታ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ከበር እንደተመለሰ ይንገሯችሁ።